ከሥዕሉ ግርጌ ያለው ሰው ማን ነው?

ወረታ ላይ ታሪክ አስተምራለሁ። ከተማሪዎቼ ጋር በጣና ዙሪያ ወዳሉ አድባራት ስንሄድ ዓይናቸው ቶሎ የሚያርፈው ከእመቤታችን እግር ሥር በተንበረከከው ባለሹሩባ መኮንን ላይ ነው። «መምህር፣ አፄ ቴዎድሮስ ናቸው?» ይሉኛል። ሥዕሉ የ19ኛው ክፍለ ዘመን መሆኑን ከሰሙማ አበቃ፤ ሌላ ሰው አይታያቸውም።

ሹሩባ ግን የዘመኑ ጦረኛ ሁሉ ጌጥ ነበር። መልክም አያስረዳም። የአገራችን ሠዓሊ ደጉን ሰው ሁለት ዓይኑን አሳይቶ፣ ክፉውን በጎን በአንድ ዓይን ይሥላል እንጂ የግለሰቡን አፍንጫና ግንባር ለመቅዳት አይጨነቅም። ሥዕሉን ያሠራውን ባለጸጋ የሚለየው በማዕረጉ ነው፦ በለምዱ፣ በጥላው፣ በጋሻ ጃግሬው። በመልክ እናስተያይ ብንል እንኳ፣ የቴዎድሮስን መልክ በቅርብ አይተው ከነደፉት አንዱ የብሪታኒያ ሙዚየሙ ሪቻርድ ሆልምስ ነው፤ እሱም በሚያዝያ 1860 ዓ.ም መቅደላ ላይ፣ ንጉሡ ከሞቱ በኋላ።

ታዲያ ሰውየው በምን ይታወቃል? ከሁሉ በፊት ጽሕፈቱ ይነበብ። ከራሱ አጠገብ ወይም ከእግሩ ሥር ስሙ ይጻፋል፤ ብዙ ጊዜ የክርስትና ስሙ ነው። እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። በደቅ ደሴት ናርጋ ሥላሴ ከእመቤታችን እግር ሥር የተሣሉት እቴጌ ምንትዋብ የክርስትና ስማቸው ወለተ ጊዮርጊስ፣ የንግሥና ስማቸው ብርሃን ሞገሳ ነው። ሦስቱ ስሞች የአንድ ሰው መሆናቸውን የማያውቅ አንባቢ ሦስት ሴቶች ይፈጥራል። ጽሕፈቱ ከጠፋ ወደ ደብሩ የወንጌል መጽሐፍ ይኬዳል፤ ጉልት የሰጠ፣ ቤተ ክርስቲያን ያሠራ ሰው በኅዳጉ ተመዝግቦ ሊገኝ ይችላል። የአጃቢዎቹም መሣሪያ ይመርመር። ስናድር የሚባለው ጠመንጃ ወደ አገራችን የገባው በ1860 ዓ.ም ከእንግሊዙ ናፒየር ጦር ጋር ነው፤ ስናድር የያዘ አጃቢ የተሣለበት ሥዕል ከዚያ ዓመት በፊት ሊሆን አይችልም።

በውጭም እንዲህ ዓይነት ስሕተት ደርሷል። የሩሲያዊው ባለቅኔ የፑሽኪን ቅድመ አያት የአብርሃም ጋኒባል ነው ሲባል የኖረ የ18ኛው ክፍለ ዘመን ሥዕል አለ። ደረቱ ላይ ያለው የቅዱስ ጊዮርጊስ ኒሻን ግን ጋኒባል ያልተሸለመው ነው። ዛሬ ባለሥዕሉ ባሮን ሜለር ዛኮሜልስኪ የተባለ ጄኔራል ሳይሆን አይቀርም ይባላል።

እኔን የሚያንገበግበኝ እድሳት ነው። ግድግዳው ሲቀባ ስሙ አብሮ ይሸፈናል፤ ከዚያ በኋላ ያ ባለጸጋ የማንም አይሆንም። ስለዚህ የፎገራና የደራ አለቆች፣ መሪጌቶችና የሰበካ ጉባኤ አባላት፣ ቀለም ከመግባቱ በፊት ሥዕሉን ከነጽሕፈቱ ፎቶ አንሡልን። ሽማግሌዎች ሰውየውን ማን እንደሚሉት፣ ያንንም ከማን እንደሰሙት ጽፋችሁ ከወንጌሉ ጋር አስቀምጡልን።