ስለ ብርድ ወራት አትክልት፤ በቦንጋና በከፋ አገር ጓሮ እንዴት እንደሚበቅል

ጥቅል ጎመን፥ ካሮት፥ ቀይ ሥር፥ ሰላጣ፥ ቆስጣና እነዚህን የመሳሰሉት አትክልቶች ቀዝቃዛ አየር የሚወዱ ናቸው። ሙቀቱ ከ15 እስከ 20 ዲግሪ ሲሆን ሥራቸው ይወፍራል፥ ቅጠላቸውም ይለመልማል። ከ25 ዲግሪ ያለፈ እንደ ሆነ ግን ጥቅል ጎመኑ ሳይጠቀለል ይቀራል፤ ሰላጣውም ይመርራል፥ ያለ ጊዜው አገዳ አውጥቶ ያብባል። ዘራቸው ከውጭ አገር በሚመጣበት ከረጢት ላይ ብዙ ጊዜ በፀደይ ይዘራ የሚል ቃል ተጽፎ ይገኛል። ይህ ቃል ለተጻፈበት አገር እውነት ነው፤ በዚያ ፀደይ ማለት በረዶው ቀልጦ ምድሪቱ ገና ቀዝቃዛ የምትሆንበት ወራት ነውና። በከፋ አገር ግን ይኸው ወራት ሙቀቱ ገና ሳይበርድ ዝናቡ የሚከተልበት ስለ ሆነ፥ ቃሉን እንደ ተጻፈ የፈጸመ ሰው ዘሩንም ጉልበቱንም ይከስራል። በቦንጋና በአካባቢዋ ለእነዚህ አትክልቶች የሚስማማው ፀደይ ሳይሆን መፀው ነው፤ ይኸውም በቤተ ክርስቲያን አቆጣጠር ከመስከረም 26 ቀን እስከ ታኅሣሥ 25 ቀን ያለው ወራት ነው።

ነገር ግን ከፋ አንድ ዓይነት አየር ብቻ ያለው አገር አይደለም። ወደ ኦሞ ወንዝ በሚወርደው ቆላ የመሬቱ ከፍታ ከባሕር ወለል በላይ 500 ሜትር ገደማ ሲሆን፥ በደጋው ጫፍ ከ3,000 ሜትር ይበልጣል። የዞኑ ርእሰ ከተማ ቦንጋ በ1,700 ሜትር ገደማ በወይና ደጋው ላይ ትገኛለች፤ አማካይ ሙቀቷም ከ20 ዲግሪ ብዙ አይርቅም። መሬቱ 100 ሜትር ከፍ ባለ ቁጥር ሙቀቱ 0.6 ዲግሪ ያህል ይቀንሳል። ስለዚህ በአዲዮ ወይም በጠሎ ደጋ በ2,400 ሜትር ላይ ያለ ጓሮ ከቦንጋው በ4 ዲግሪ ያህል ይቀዘቅዛል፤ ወደ ጎጀብ ሸለቆ ወርዶ በ1,300 ሜትር ያለው ደግሞ ከ2 ዲግሪ በላይ ይሞቃል። ከዚህ የተነሣ አንድ ሹም ለግዛቱ ሁሉ አንድ የመዝሪያ ቀን ወስኖ ደብዳቤ ቢያስተላልፍ፥ አንዱን ቀበሌ ጠቅሞ ሌላውን መጉዳቱ የማይቀር ነው። ደገኛው ጥቅል ጎመንና ድንች ዓመቱን ሁሉ ሊተክል ይችላል፤ የወይና ደጋው ሰው ወራቱን መምረጥ አለበት፤ ቆለኛው ግን ከጥቅል ጎመን ጋራ ባይታገልና ቆስጣን፥ የአበሻ ጎመንን፥ በሶብላንም ቢያዘወትር ይሻለዋል። ከዚህ በታች የሚነገረው ስለ ወይና ደጋው ነው።

በቦንጋ ዝናቡ በመጋቢት ይጀምርና እስከ ጥቅምት ይዘልቃል፤ እጅግ የሚያንሰው በታኅሣሥና በጥር ነው። ቀኑ አብልጦ የሚሞቀው በየካቲትና በመጋቢት ሲሆን፥ ሌሊቱ አብልጦ የሚቀዘቅዘው ሰማዩ በጠራበት በኅዳር፥ በታኅሣሥና በጥር ነው። አንዳንድ ሰው ሐምሌና ነሐሴም ብርድ ስለ ሆኑ በዚያ ወራት መዝራት የሚሻል ይመስለዋል። አየሩ በእርግጥ ይቀዘቅዛል፤ ዳሩ ግን ፀሐዩ በደመና ይሸፈናል፥ መሬቱ ውኃ ይጠግባል፥ ቅጠሉም ከጧት እስከ ማታ እርጥብ ሆኖ ይውላል። በከፋ የአትክልት ትልቁ ጠላት ሙቀት ሳይሆን ይህ እርጥበት ነው። በክረምት የተተከለ ጥቅል ጎመን ከሙቀት ቢተርፍ እንኳ ከብስባሴ አይተርፍም።

ስለዚህ የጥቅል ጎመንና የሰላጣ ዘር ከመስከረም 26 ቀን እስከ ጥቅምት 10 ቀን በችግኝ መደብ ላይ ይዘራል። በዚህ ጊዜ ዝናቡ ፈጽሞ ስላልቆመ መደቡ ከመሬት 20 ሳንቲ ሜትር ያህል ከፍ ይደረጋል፤ በላዩም በአራት እንጨት ላይ የሣር ዳስ ይደረግለታል። ችግኙ 4 ወይም 5 ቅጠል ባወጣ ጊዜ፥ ኅዳር በገባ በመጀመሪያው ሳምንት፥ ፀሐይ ከበረደ በኋላ ወደ ቋሚ ስፍራው ይዛወራል። በጥቅል ጎመን ችግኝ መካከል 40፥ በመስመርና በመስመር መካከል 60 ሳንቲ ሜትር መተው ይገባል። ኮፐንሃገን ማርኬት የተባለው ዓይነት ከተዛወረ በኋላ በ70 ቀን ገደማ ይደርሳል፤ ቢዘገይም ከ90 ቀን ብዙ አያልፍም። ይኸውም ከጥር አጋማሽ እስከ የካቲት መጀመሪያ ሲሆን፥ ኃይለኛው ሙቀት ከመምጣቱ በፊት መሆኑ ነው። በገበያም ረገድ ይህ ጊዜ የተመቸ ነው፤ የዐቢይ ጾም መግቢያ ከየካቲት 1 ቀን አይቀድምም፥ ከመጋቢት 5 ቀንም አያልፍምና፥ አትክልቱ የሚደርሰው ፈላጊው በሚበዛበት ወራት ነው።

በመፀውና በበጋ የሚተከል አትክልት ዋጋ የሚከፈልበት በውኃ ነው። በእነዚያ ደረቅ ወራት 10 ካሬ ሜትር መደብ በቀን 40 ሊትር ያህል ውኃ ይፈልጋል፤ ይኸውም ባለ 20 ሊትር ሁለት ጀሪካን ነው። ጀሪካኑን ከምንጩ ተሸክመው የሚያመጡት ሴቶችና ልጃገረዶች መሆናቸውን የማያውቅ የለም። እንግዲህ የመደቡ ስፋት ሊወሰን የሚገባው በመሬቱ ብዛት ሳይሆን በውኃው ቅርበት ነው። ምንጩ ሩቅ የሆነበት ቤት 4 ወይም 5 ካሬ ሜትር ቢያለማ በቂው ነው፤ ከዚያ በላይ እንዲያለማ በሹም ትእዛዝ ቢገደድ፥ በታኅሣሥ ለሪፖርት የተቈጠረው መደብ በጥር ደርቆ ይገኛል። የእንሰት ቅጠል ተቈራርጦ በችግኙ ዙሪያ ቢጎዘጎዝ መሬቱ ቶሎ አይደርቅም፤ ዕቃ የታጠበበት ውኃም ሳሙና ያልበዛበት እንደ ሆነ ለመደቡ ይሆናል።

ሁለተኛው ብልሃት ጥላ ነው፤ በዚህ ነገር የከፋ ጓሮ ከሌላው አገር ጓሮ ይልቅ የታደለ ነው። ቤቱ በእንሰት የተከበበ ስለ ሆነ፥ አትክልተኛው መደቡን ከእንሰቱ በስተ ምሥራቅ ቢያደርገው፥ አትክልቱ የጧቱን ፀሐይ ያገኛል፤ ከቀትር በኋላ ያለውን የሚያቃጥል ፀሐይ ግን የእንሰቱ ቅጠል ይከለክልለታል። ይህ ለሰላጣ፥ ለቆስጣና ለድንብላል ቅጠል እጅግ ይጠቅማል። የሰላጣ ዘር መሬቱ ከጋለ ፈጽሞ የማይበቅል ስለ ሆነ፥ ዘሩ ማታ ቢዘራና መደቡ እስኪበቅል ድረስ በእርጥብ ጆንያ ቢሸፈን መልካም ነው። ካሮትና ሽንኩርት ግን ጥላ አይወዱም። ማናቸውም መደብ ቢሆን ከእንሰቱና ከቡናው ሥር ጥቂት መራቅ አለበት፤ አለዚያ የተጨመረው ፍግና ውኃ ለዛፉ ሲሳይ ይሆናል።

ካሮትና ቀይ ሥር ሊዛወሩ አይገባም፤ ሥራቸው ይጣመማልና በቋሚ ስፍራቸው ይዘራሉ። የካሮት ዘር ለመብቀል እስከ ሦስት ሳምንት ሊቆይ ስለሚችል፥ በዚያ ሁሉ ጊዜ የመሬቱ ገጽ መድረቅ የለበትም፤ ብዙ ሰው ዘሩ መጥፎ ነበር ብሎ የሚያማርረው በዚህ መካከል ሁለት ቀን ውኃ አቋርጦ ነው። ከበቀለ በኋላ በመካከሉ አራት ጣት ያህል እስኪቀር ማሳሳት ያስፈልጋል፤ እጅ የሚሳሳበት ሥራ ቢሆንም ያልሳሳ ካሮት ክር ሆኖ ይቀራል። ትኩስ ፍግ የገባበት መሬትም ካሮቱን ሹካ ያስመስለዋል፤ ስለዚህ በደንብ የበሰበሰ ፍግ ብቻ ይደረግ። የከፋ አፈር በዝናብ ብዛት ታጥቦ ኮምጣጣ የሆነበት ስፍራ ብዙ ነው፤ የምድጃ አመድ በልኩ ቢበተንበት ኮምጣጣነቱን ያለዝበዋል፤ ቀይ ሥር በተለይ ይህን ይወዳል። ፍልፈል የሚያስቸግርበት ጓሮም አለ፤ እርሱን ቀዳዳውን ተከታትሎ ከመያዝ በቀር ሌላ መድኃኒት እምብዛም አይረዳም።

በጥቅል ጎመን ላይ ሁለት ነገር መጠበቅ ይገባል። አንደኛው በደረቁ ወራት የሚመጣው የጎመን እሳት እራት ነው፤ ትሉ ትንሽና አረንጓዴ ሲሆን ቅጠሉን እንደ ወንፊት ይበሳዋል፥ ሲነኩትም በክር ተንጠልጥሎ ይወርዳል። በትንሽ ጓሮ በየሦስት ቀኑ የቅጠሉን ጀርባ እያዩ በእጅ መልቀምና ማታ ማታ ከላይ ውኃ መርጨት ይበቃል፤ ኃይለኛ መርዝ መርጨት ግን ትሉን የሚያጠፉለትን ተርቦች ስለሚገድል ጉዳቱ ያመዝናል። ሁለተኛው እርጥበት ባለበት ጊዜ የሚመጣው ጥቁር ብስባሴ ነው፤ ከቅጠሉ ጫፍ ጀምሮ ወደ ውስጥ እየሾለ የሚሄድ ቢጫ ይታያል፥ ሥሮቹም ይጠቁራሉ። ለዚህ መድኃኒት የለውም፤ ተክሉ ተነቅሎ ይቃጠላል እንጂ ወደ ብስባሹ ጉድጓድ አይጣልም። በዚያም ስፍራ እስከ ሦስት ዓመት የጎመን ዘር አይተከልም።

የቀኑ ርዝመትም ሊታሰብ ይገባዋል። ከፋ ከምድር ወገብ በስተ ሰሜን በ7ኛው ዲግሪ ገደማ ስለሚገኝ፥ ቀኑ ከ12 ሰዓት ግማሽ ሰዓት ያህል እንኳ ብዙም አይበልጥም፥ አያንስምም። በሰሜን አውሮፓ የሚዘራው ሽንኩርት ግን ኳስ የሚሠራው ቀኑ 14 ሰዓትና ከዚያ በላይ ሲሆን ነው፤ በከፋ ቢዘራ ቅጠሉን ብቻ ሲያበቅል ይኖራል። ስለዚህ ለአገራችን የተመረጡትን እንደ አዳማ ቀይና ቦምቤይ ሬድ ያሉትን ዘሮች መጠየቅ ይገባል።

ስለ ቅመም የሆነ እንደ ሆነ፥ የአገሩ ሰው ከመጽሐፉ ይልቅ ያውቃል። በውጭ አገር ድንብላል በሙቀት ቶሎ ማበቡ እንደ ትልቅ ጉዳት ይቈጠራል፤ የሚፈልጉት ቅጠሉን ነውና። በእኛ ዘንድ የሚፈለገው ፍሬው ስለ ሆነ፥ ቶሎ ማበቡ ትርፍ ነው፤ ቅጠሉን የሚፈልግ ቢኖር በየሦስት ሳምንቱ ጥቂት ጥቂት እየዘራ ሳያብብ ይቁረጠው። ጤና አዳም፥ እንስላልና ኮሰረት ውኃ የማይቋጥር ስፍራ ካገኙ በቦንጋ ያለ ችግር ይኖራሉ። ጦስኝ ግን ከ2,200 ሜትር በላይ የሚበቅል የደጋ ተክል ስለ ሆነ የወይና ደጋው ዝናብ ሥሩን ያበሰብስበታል፤ የሚወደው ሰው በጠጠርና በአሸዋ በተሞላ ማሰሮ ተክሎ በክረምት ከጣሪያ ክፈፍ በታች ያኑረው። ኮረሪማ ከዚህ ሁሉ ተቃራኒ ነው፤ ጥላና እርጥበት ይወዳልና ከቡናው ሥር ይቀመጥ እንጂ ወደ አትክልቱ መደብ አይምጣ።

ሹማምንት ስለ አትክልት ሲያስቡ ብዙ ጊዜ ዓይናቸው የሚያርፈው በጥቅል ጎመን ላይ ነው፤ ትልቅ ሆኖ ስለሚታይ ለእንግዳ ማሳየትም ይመቻል። ለሕፃናት ጤና ግን ከነጩ ጥቅል ጎመን ይልቅ ካሮት፥ ቆስጣና የአበሻ ጎመን ይበልጣሉ። ቆጮ ሆድ የሚሞላ መልካም ምግብ ነው፤ ነገር ግን ዓይንን ከዳፍንት የሚጠብቀው ቫይታሚን ኤ በእርሱ ውስጥ የለም፤ ሰውነት ይህን ቫይታሚን የሚያገኘው ከካሮትና ከጥቁር አረንጓዴ ቅጠል ነው። የአበሻ ጎመን ደግሞ የአገሩ ተወላጅ ስለ ሆነ ሙቀቱንም ዝናቡንም ይችላል፥ ዘሩንም በጓሮ ይሰጣል። የጓሮውን ሥራ አብዛኛውን ጊዜ የሚሠሩት ሴቶች ሆነው ሳለ፥ ስለ አትክልት ስብሰባ ተጠርቶ የቤቱ አባወራ ብቻ የመጣ እንደ ሆነ፥ ትምህርቱ ከደጁ አልፎ ጓሮው አይደርስም።

የቀረው የዘሩ ግዢ ነው። ጥቅል ጎመን፥ ካሮትና ቀይ ሥር የሁለት ዓመት ተክሎች ናቸው፤ አብበው ዘር የሚሰጡት ለብዙ ሳምንት ከ10 ዲግሪ በታች የሆነ ብርድ ካገኛቸው በኋላ ስለ ሆነ፥ በቦንጋ ጓሮ ዘራቸውን ማግኘት አይቻልም፤ በየጊዜው መግዛት ግድ ነው። የበጀቱ ዓመት ሰኔ 30 ቀን ስለሚዘጋ ዘሩ በሰኔ ተገዝቶ ወዲያው የታደለ እንደ ሆነ፥ ሕዝቡ በትልቁ ዝናብ ዘርቶ ያበሰብሰዋል፤ በቤት ቢያስቀምጠውም በከፋ እርጥብና ሞቃት አየር ዘሩ ቶሎ ይሞታል። ግዢው በሐምሌ ወይም በነሐሴ ተጀምሮ እደላው በመስከረም ሁለተኛ አጋማሽ ቢሆን ይህ ሁሉ ይቀራል። ብዛቱም በልክ ይሁን፤ አንድ ግራም የጥቅል ጎመን ዘር 250 ፍሬ ያህል አለው፤ ስለዚህ ለአንድ ቤት ግማሽ ግራም ቢሰጥ አንድ ኪሎ ለ2,000 ቤት ይደርሳል። ከመታደሉ በፊት ከእያንዳንዱ ከረጢት 20 ፍሬ ወስዶ በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልሎ መፈተን ያስፈልጋል፤ በአሥር ቀን ውስጥ ከ14 የሚያንስ ከበቀለ ሻጩ ዘሩን እንዲለውጥ መጠየቅ ይገባል። የካሮቱ ግን ስለሚዘገይ ሦስት ሳምንት ይጠበቅለት። የተረፈው ዘር ከታች ደረቅ አመድ በጨርቅ ተቋጥሮ በተቀመጠበት ጠርሙስ ውስጥ ተከቶ፥ አፉ በሰም ታሽጎ፥ ጭስና ፀሐይ በማይደርስበት በቀዝቃዛ ስፍራ ይቀመጥ፤ የሽንኩርት ዘር ግን ከአንድ ዓመት በላይ ስለማይታመን የተረፈውን ለጎረቤት ማካፈል ይሻላል።