የቤታችን ጀበና በዘይት ቀለም

አብዛኞቻችን ጀበና ሣሉ ብንባል ወደ ጓዳ ሄደን ጀበናዋን አናመጣትም። ክብ ሆድ፣ ቀጭን አንገት፣ በጎን አንድ ጆሮ፣ ከአናቷ ላይ ለእንፋሎቱ የሚሆን ጠመዝማዛ መስመር፤ አለቀ። ይህች ጀበና በየካፌው ግድግዳ ላይ አለች፣ በስጦታ ዕቃ መደብሮችም አትጠፋም። የማንም ቤት ጀበና ግን አይደለችም። የእርስዎ ጀበና አንገቷ ምናልባት ትንሽ ወደ ግራ አዘንብሏል። አፏ ላይ ስትታጠብ የተሸረፈች ቦታ ትኖራለች። እሳት የጠጣው የሥሯ ጥቁረትና እጅ ያሻሸው የትከሻዋ ጥቁረት አንድ ዓይነት አይደለም። ይህን ለማወቅ ግማሽ ሰዓት ፊት ለፊቷ መቀመጥ ይበቃል፤ ግን ማን ተቀምጦ ያውቃል?

ሠዓሊዎች ይህን መቀመጥ «ስቲል ላይፍ» ይሉታል። ዕቃን ጠረጴዛ ላይ ደርድሮ፣ ከፎቶግራፍ ሳይሆን ከራሱ ከዕቃው እያዩ መሣል ማለት ነው። ስሙ ከደች ቋንቋ የመጣ ሲሆን «ጸጥ ያለ ሕይወት» እንደማለት ነው። ፈረንሳዮች በበኩላቸው «የሞተ ተፈጥሮ» ይሉታል። ቡና የሚፈላበትን ዕቃ የሞተ ማለት ስለማይሆንልኝ እኔ ከደቾቹ ጋር ነኝ።

ወሬውን ወደ አቃቂ ቃሊቲ ያመጣሁት ያለ ምክንያት አይደለም። በክፍለ ከተማችን እንደ ቱሉ ዲምቱ ባሉ የኮንዶሚኒየም መንደሮች የሚኖረው ሰው ብዙው ከመሀል ከተማ የመጣ ነው። ዕቃ ሲጫን የነበረውን ሙግት ያላየ የለም። ጋኑ አራተኛ ፎቅ አይወጣም፣ እንስራው ማስቀመጫ የለውም፣ የእማማ ረከቦት አንድ እግሩ ተሰብሯል። ቀረ፣ ተሰጠ፣ ተጣለ። አብሮ የመጣውም ቢሆን በቴርሞስና በፕላስቲክ እየተተካ ነው። አሁን በእጃችን ያለውን ዕቃ በደንብ ለማየት የቀረን ጊዜ ረጅም አይመስለኝም።

«ስልኬ ላይ ፎቶው አለኝ» የሚል ይኖራል። ይኑር፤ ግን ጥቁር ጀበና በደማቅ መስኮት አጠገብ አስቀምጠው ፎቶ አንስተው ይመልከቱ። ስልኩ መስኮቱን ልመጥን ሲል ጀበናዋን ወደ አንድ የጥቁር ጉድጓድ ይለውጣታል። የሰው ዓይን ግን በዚያው ጥቁረት ውስጥ ቡናማውን፣ ሰማያዊ ቢጤውን፣ ከጠረጴዛው ጨርቅ የተንጸባረቀውን ቀይ ለይቶ ያያል። ከዕቃው መሣል ከፎቶ ከመገልበጥ የሚለየው እዚህ ላይ ነው።

ባህላዊ ሥዕላችን በሌላ መንገድ የሄደ ነው። የቤተ ክርስቲያን ሠዓሊ በጥጥ ጨርቅ ላይ ሥሎ ግድግዳው ላይ ሲለጥፍ የሚሥለው የሚያውቀውን እንጂ ፊቱ የተቀመጠውን አይደለም። ጻድቁን በሁለት ዓይን፣ ክፉውን በአንድ ዓይን የሚያሳየው ትርጉም ስላለው ነው። በግብር ሥዕሎች ላይ ያለው ሞሰብና ብርሌም እንደዚሁ፤ ሞሰብ መሆኑ እንዲታወቅ እንጂ የትኛው ሞሰብ እንደሆነ እንዲለይ አልተሣለም። ይህ ጉድለት አይደለም፣ ሌላ ዓላማ ነው። ዕቃንና ሰውን አስቀምጦ እያዩ መሣል በትምህርት መልክ የመጣው በ1920ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ወደ ፓሪስ እንደተላኩት እንደ አገኘሁ እንግዳ ባሉ ሰዎች በኩል ነው። በኋላም በአሜሪካ ቺካጎ የተማሩት አለ ፈለገ ሰላም በ1950 ዓ.ም. የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤቱን አቋቋሙ፤ ዛሬ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሥር በስማቸው ይጠራል። በደርግ ዘመን ደግሞ ከዚያ የወጡ ብዙዎች ወደ ሶቪየት ኅብረት ሄደው ጠንካራውን የአካዳሚ ሥልጠና ቀስመዋል። ከእነሱ አንዱ ታደሰ መስፍን ናቸው። በሌኒንግራድ የተማሩት እኚህ ሠዓሊ የታወቁት በገበያ ሴቶች ሥዕሎቻቸው ነው።

በቤት ውስጥ ለመጀመር ግን ሌኒንግራድ አያስፈልግም። መስኮት ያስፈልጋል።

መስኮቱ ላይ ትንሽ እንቆይ፤ የውጭ መጻሕፍት የሚያሳስቱን እዚህ ነው። ሁሉም «የሰሜን መስኮት ፈልጉ» ይላሉ። አውሮፓ ውስጥ የቀትር ፀሐይ ዓመቱን ሙሉ በደቡብ በኩል ስለሆነች በሰሜን መስኮት የሚገባው ብርሃን የተረጋጋ ነው። እኛ ያለነው ከምድር ወገብ በስተሰሜን 9 ዲግሪ ላይ ነው። ከሚያዝያ መጀመሪያ ሳምንት እስከ ነሐሴ መጨረሻ ገደማ የቀትር ፀሐይ ከአናታችን አልፋ ወደ ሰሜን ታደላለች። ስለዚህ ከመስከረም እስከ መጋቢት የሰሜን መስኮት እንደ መጽሐፉ ይሠራል፤ ክረምት ሲገባ ደግሞ ደመናው ራሱ መጋረጃ ይሆናል። የሚያስቸግሩት ሚያዝያና ግንቦት ናቸው። መፍትሔው ቀላል ነው፤ መስኮቱ ላይ ነጠላ ይሰቀላል። የነጠላ ብርሃን ለጀበና የሚስማማውን ያህል ለምንም ነገር ሲስማማ አላየሁም።

ዕቃው ጥቂት ይሁን። ጀበና ከነማቶቷ፣ አንድ ስኒ፣ አንድ ሎሚ፣ ምናልባት አንድ ዘለላ ጤና አዳም። ከጤና አዳሙ ይጀምሩ፤ አንድ ሰዓት ሳይሞላው ይጠወልጋል። ሎሚው ቀናት ይሰጣል። ጀበናዋ አትጠወልግም፣ ግን ቤተሰቡ ቡና ይፈልጋል። ለዚህ ደግሞ ጠመኔ አለ፤ በማቶቷ ዙሪያ ጠረጴዛው ላይ ክብ ይሠመራል፣ ጆሮዋ የነበረበት አቅጣጫ በአንድ ጭረት ይመለከታል። ቡናው ተፈልቶ፣ ተጠጥቶ፣ ጀበናዋ ታጥባ ወደ ክቧ ትመለሳለች።

ሸራው የግድ ከውጭ የመጣ መሆን የለበትም። በጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካዋ ስሟን ባተረፈችው አቃቂ ተቀምጦ ጨርቅ ቸገረኝ ማለት ያሳፍራል። አቡጀዲ በእንጨት ፍሬም ላይ ወጥሮ መጀመሪያ በቀጭኑ ኮላ፣ ከዚያ ሁለት ሦስት ዙር ጌሶ የተባለውን ነጭ መደብ መቀባት ነው። ይህ ካልተደረገ ዘይቱ ወደ ጨርቁ ይሰርጋል፣ ከዓመታት በኋላም ጨርቁን ያበሰብሰዋል።

የዘይት ቀለም ዘይቱ ከየት እንደሆነ ያውቃሉ? ከተልባ። ለዘመናት የዓለም ሠዓሊዎች ቀለማቸውን ሲለውሱበት የኖሩት ዘይት እኛ በየገበያው ሰፍረን የምንገዛው እህል ጭማቂ ነው። የተልባ ዘይት እንደ ውኃ ተንኖ አይደርቅም። ከአየር ኦክስጅን እየወሰደ ወደ ጠንካራ ሽፋን ይለወጣል። የኑግ ዘይት ግን ከተልባ በጣም ዘግይቶ ስለሚደርቅ ከወጥ ቤት ቀድተው ለሥዕል አይሞክሩት። ከዚህ የሚመጣ አንድ ሕግ አለ፤ የታችኛው ድርብ ቅባቱ ያነሰ፣ የላይኛው ቅባቱ የበዛ ይሁን። ከተገለበጠ የላዩ ቀድሞ ይደርቅና ሥሩ ሲንቀሳቀስ ይሰነጠቃል።

ቤተሰብ ያለበት ቤት ይህን ሳያነብ አይለፍ፤ በተልባ ዘይት የራሰ ጨርቅ ተጨማዶ ከተጣለ እየደረቀ ሲሄድ ይሞቃል፣ ያለ ክብሪትም ሊቀጣጠል ይችላል። ጨርቁን ውጭ ዘርግቶ ማድረቅ ወይም ውኃ ባለበት የብረት ቆርቆሮ ውስጥ ነክሮ መክደን ያስፈልጋል። ብሩሽ የሚታጠብበት አኳራጅም መስኮት ተከፍቶ እንጂ በተዘጋ ክፍል አይከፈትም፤ በለስላሳ ጠርሙስ ማስቀመጥማ ለልጅ ወጥመድ ነው። ትንንሽ ልጆች እዚያው ጠረጴዛ ላይ በእርሳስና በውኃ ቀለም ያንኑ ጀበና ይሣሉ። አንዳንዴ የእነሱ አንገት ከእኛ የተሻለ ያዘነብላል።

ለጀበናዋ ጥቁር ቀለም አይግዙ። አልትራማሪን ሰማያዊና በርንት አምበር የሚባለው ቡናማ ሲቀላቀሉ የሚወጣው ጥቁር ሕይወት አለው፤ ሰማያዊውን ሲያበዙ ወደ ጥላው፣ ቡናማውን ሲያበዙ ወደ እሳቱ ጎን ይሄዳል። ዓይንዎን ጨፈን አድርገው ሲያዩ ዝርዝሩ ይጠፋና ትልልቁ ብርሃንና ጥላ ብቻ ይቀራል፤ መጀመሪያ የሚሣለው እሱ ነው። ትከሻዋ ላይ የምታበራዋ ነጥብ ነጭ የምትመስል ናት፣ ግን ተጠግተው ይዩዋት፤ መስኮቱ ራሱ ነው፣ ቀለሙም የሰማዩ ነው።

የፈረንሳዩ ሻርዳን በ1760 (እ.ኤ.አ.) ገደማ የሣላት ትንሽ ሥዕል አለች። አንድ ብርጭቆ ውኃ፣ አንድ የቡና ማፍያ፣ ጥቂት ነጭ ሽንኩርት። ዛሬ አሜሪካ ፒትስበርግ ሙዚየም ውስጥ ትገኛለች። ጣሊያናዊው ሞራንዲ ደግሞ ቦሎኛ ከተማ ከእህቶቹ ጋር እየኖረ፣ በሚተኛባት ክፍል ውስጥ እነዚያኑ ጠርሙሶችና ሣጥኖች ለአሥርት ዓመታት እየደጋገመ ሣለ። ዕቃዎቹ ላይ የሚያርፈውን አቧራ አያስጠርግም ነበር ይባላል። ቃሊቲ ቢኖር አቧራ አይቸግረውም ነበር። ለእኛ ግን እርጥብ ቀለም አቧራን እንደ ማር ዝንብን ስለሚይዝ፣ በከባድ መኪና መንገድ ዳር የሚኖር ሰው ሥዕሉን ማታ ማታ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዘንብሎ ማሳደር ይኖርበታል።

ጀበናዋ ከለመደች በኋላ ብርሌ ይሞክሩ። ጠጅ ያለበት ብርሌ ከሁሉም ይከብዳል፤ ብርጭቆው አይታይም፣ የሚታየው በውስጡ የተገለበጠው መስኮትና ጠረጴዛው ላይ የወደቀው ወርቃማ ብርሃን ነው። ጠጁን የሚጠብቅ ሰው መመደብ ግን የእርስዎ ፈንታ ነው።

ሥዕሉ ሲነካ የደረቀ ቢመስልም ውስጡ ገና ነው። መከላከያ ቫርኒሽ ለመቀባት ቢያንስ ስድስት ወር ይጠበቃል። መስከረም ላይ ነጠላ ሳይሰቀል የተጀመረች ጀበና ለፋሲካ ትደርሳለች ማለት ነው።