ሙዳይ ውስጥ የተቀመጠችው ባጅ

ሰው የሚሰበስበው ነገር አያጣም። አንዱ ቴምብር ይለቅማል፣ ሌላው የድሮ ሳንቲም። የዛሬው ባለታሪካችን ደግሞ የበዓል መታሰቢያ ባጅና ሜዳይ ነው የሚያሳድደው። ደመወዝ በተቀበለ ቁጥር ቸርችል ጎዳና ያሉትን የጥንታዊ ዕቃ ሱቆች ሳያዳርስ ቤቱ አይገባም። እጮኛው ታዲያ «አንተ ቆርቆሮ ስትለቅም ሰርጋችን ሊያረጅ ነው!» እያለች ትነዘንዘዋለች።

እስቲ እንፍረድ ካልን ልጁም ዝም ብሎ አይደለም። ጥቅምት 23 ቀን 1923 ዓ.ም. አፄ ኃይለ ሥላሴ ዘውድ ሲጭኑ የመታሰቢያ ሜዳይ ወጥቶ ነበር። በ1948 ዓ.ም. የዘውዱ 25ኛ ዓመት ሲከበርም እንዲሁ። ደርግም በተራው መስከረም 1977 ዓ.ም. 10ኛውን የአብዮት በዓል በሰልፍ፣ በባንዲራና በባጅ አድምቆታል። ሥርዓት ሲለወጥ ግን ትናንት ደረት ላይ የነበረው ሣጥን ውስጥ ይገባል። ሰብሳቢው የሚፈልገው ያንን ሣጥን ነው።

ልጁ ከእጮኛው ቤተሰብ ጋር ሊተዋወቅ ወረኢሉ ይሄዳል። በ1888 ዓ.ም. የዓድዋ ዘማች የተሰባሰበባት ያቺው ወረኢሉ! ቡናው እየተፈላ ሳለ የልጅቷ አያት ከሙዳያቸው አንዲት ባጅ አወጡ። የ10ኛው አብዮት በዓል ባጅ ናት። አጅሬ ልቡ ቀጥ አለ።

«እማማ፣ ይሽጡልኝ፤ ያሉትን እከፍላለሁ!» አላቸው።

አሮጊቷ ረጋ ብለው አዩት። «ባለቤቴ የገበሬ ማኅበር ሊቀመንበር ነበር። ለበዓሉ ተጠርቶ ሄደና ይቺን ደረቱ ላይ ሰክተው ላኩት። ቤታችን ግን ለልጅ ገንፎ የሚሆን እፍኝ ዱቄት አልነበረም። ወሩ ሳይሞላ ሁለተኛውን ልጄን ቀበርኩ። ፎቶ የለው፣ ምን የለው… እኔ ፊደል አልቆጠርኩም። ልጄ የሞተበትን ዓመት ይዛ የምትነግረኝ ይቺ ናት።»

ልጁ መሬት መሬቱን አየ። እሳቸው ናቸው መልሰው ያጽናኑት፦ «አብሽር ልጄ፣ አላወክም።»

አዎ፣ ዘመኑ እንዲያ ነበር። አዲስ አበባ ለበዓሉ ስታሸበርቅ ወሎ በረሃብ እያለቀ ነበር። የኮረም መጠለያ ሰቆቃ በቢቢሲ ዓለምን ያስለቀሰው በዚያው ዓመት በጥቅምት ወር ነው። ይህ የእኛ ብቻ ጉዳይ አይደለም። ጃፓን እ.ኤ.አ. በ1940 የመንግሥቷን ምሥረታ 2,600ኛ ዓመት በታላቅ ድግስ ስታከብር ብዙ መታሰቢያ ባጆች ተሠርተዋል። ያኔ ግን ቻይና ውስጥ ጦርነት ላይ ነበረች፤ በአምስት ዓመት ውስጥም ከተሞቿ በቦምብ ነደዱ። ባጅ ድግሱን ይናገራል፤ ከድግሱ ጀርባ የነበረውን የሚናገረው ባለቤቱ ነው።

እናንተም እንዲህ ያለ ነገር እቤታችሁ ካለ የሚከተለውን ልብ በሉ።

- ሳትጠይቁ አትሽጡ። ለእናንተ ቆርቆሮ የሆነው ለአያታችሁ የመቃብር ምልክት ሊሆን ይችላል።
- ታሪኩን ጻፉ። ማን ሰጠ? ለማን? መቼ? አንድ ገጽ ደብተር ይበቃል። ታሪኩ ከሌለ ከሱቅ ከተገዛው አይለይም።
- በአመድና በሎሚ አትፈትጉት። የሚያብረቀርቅ መስሏችሁ የላዩን ቀለምና ጽሑፍ ታጠፉታላችሁ። በደረቅ ጨርቅ ጠቅልላችሁ ከእርጥበት አርቁት።
- ስትገዙ አትቸኩሉ። ከድሮው ላይ ተቀድቶ የተሠራ ባጅ ብዙ ጊዜ ፊደሉ ደብዛዛ ነው። የጀርባውን መርፌም እዩ፤ ፊቱ አርጅቶ መርፌው አዲስ ከሆነ ተጠራጠሩ።
- ለውጭ አገር ሰው ከመስጠታችሁ በፊት አስቡበት። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የቅርስ አዋጅ ቁጥር 209 ቅርስን ያለ ፈቃድ ከአገር ማውጣት ይከለክላል።

ወደ ልጃችን ስንመለስ… ባጇን ሳይገዛ ነው የተመለሰው። ግን ባዶ እጁን አልመጣም። አያት የነገሩትን ሁሉ፣ የሟቹን ልጅ ስም ጭምር፣ በደብተሩ ጽፎ ይዞ መጥቷል። እጮኛውም ከዚያ ወዲህ «ቆርቆሮ» የምትለውን ቃል ትታለች አሉ። ደብተሩን የምታስቀምጠው እሷ ናት።