ትንሿ አማና

ክረምት ሲገባ እርጥብ ድንጋይ ላይ እንደ አረንጓዴ ምንጣፍ የሚነጠፈውን ሞስ ስንቶቻችን ጎንበስ ብለን አይተነዋል? ከሞስ ዓይነቶች አንዱ ታካኪያ ይባላል። በቲቤት ተራሮች በዓመት 8 ወር ያህል በበረዶ ተሸፍኖ ይኖራል። በ2023 (እ.ኤ.አ.) የወጣ ጥናት እንደገለጸው ዘሩ 390 ሚሊዮን ዓመት ያስቆጠረ ነው። ሱብሃነላህ! ሆኖም አካባቢው እየሞቀ በመሄዱ በየዓመቱ 1.6 በመቶ ያህል ሲቀንስ ታይቷል።

ተመራማሪዎቹ እጃቸውን አጣጥፈው አልተቀመጡም። በቤተ ሙከራ አባዝተው እዚያው ቲቤት መልሰው ተከሉት፤ ከ5 ዓመት ክትትል በኋላም ከፊሉ ጸድቆ ተገኘ። ሙቀቱ ግን አልቆመም።

«ታዲያ መትከሉ ምን ይረባል?» የሚል ወጣት አይጠፋም። ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ.) ቂያማ ቢደርስ እንኳ በእጃችን ያለችውን ችግኝ እንድንተክል አስተምረውናል። ምድር አማና ናት፤ መትከሉ የእኛ፣ ውጤቱ የአላህ ነው።