ሳያፈርሱ ማፍረስ

አንባቢ ሆይ፣ ይህን ጽሑፍ ሲያነቡ ምናልባት ጀርባዎን ለግድግዳ ሰጥተው ይሆናል። ግድግዳ ከብርድና ከሌባ፣ ከነፋስና ከጎረቤት ዓይን የሚሰውረን ወዳጃችን ነው። ይሁን እንጂ በአቅራቢያው ከባድ ፍንዳታ የደረሰ እንደሆነ፣ ይኸው ወዳጅ በአንድ አፍታ ጠላት ይሆናል። ብዙ ሰው የሚጎዳው በእሳቱ ሳይሆን ከገዛ ቤቱ ተፈንቅሎ በሚወረወርበት ጡብ፣ ብሎኬትና የመስኮት መስተዋት ነውና።

የቤይሩቱን አደጋ ሳያስታውሱት አይቀሩም። ሐምሌ 28 ቀን 2012 ዓ.ም. ከ12 ሰዓት ጥቂት ደቂቃ እንዳለፈ፣ ጀምበር ገና ሳትጠልቅ፣ በወደቡ መጋዘን ለዓመታት ተከማችቶ የነበረ 2,750 ቶን አሞኒየም ናይትሬት ፈነዳ። ከ200 የሚበልጡ ሰዎች ሞቱ፤ ብዙ ሺህ ሰዎችም ቆሰሉ። በቤት ሠራተኝነት የሚተዳደሩ ብዙ እኅቶቻችን የሚኖሩባት ከተማ ናትና፣ ነገሩ ለእኛም ሩቅ አይደለም። በወደቡ አጠገብ ባሉት በጀማይዜና በማር ሚካኤል ሠፈሮች ክዳናቸው ቀይ ሸክላ፣ መስኮታቸው ባለ ሦስት ቅስት የሆኑ ያረጁ የድንጋይ ቤቶች ነበሩ። ዩኔስኮ በዚያው ወር እንደገለጸው 640 ያህል ታሪካዊ ሕንፃዎች ሲጎዱ፣ 60 የሚሆኑት ለመፍረስ ተቃርበው ነበር።

እንዲህ ያለ አደጋ ካለፈ በኋላ መሐንዲሱ ፍርስራሹ መካከል ቆሞ አንድ ነገር ይጠይቃል። ጎን ለጎን ከቆሙት ከሁለቱ ግድግዳዎች አንዱ ወድቆ ሌላው የቀረው ስለ ምን ነው? መልሱን ለማግኘት ግድግዳ እየሠሩ በፈንጂ ማፍረስ ይቻላል፤ በየአገሩም ይደረጋል። ነገር ግን ወጪው ብዙ፣ አደጋውም ቀላል አይደለም፤ አንድ ግድግዳም አንድ ጊዜ ብቻ ነው የሚፈርሰው። ስለዚህ ግድግዳው በኮምፒዩተር ውስጥ ተገንብቶ እዚያው ይፈርሳል፤ በማግሥቱም እንደገና ይገነባል።

በመጀመሪያ የፍንዳታውን ጉልበት ማወቅ ያሻል። የእንግሊዝ አገር የሼፊልድ ዩኒቨርሲቲ መሐንዲሶች የቤይሩት ሰዎች በስልካቸው የቀረጹትን ፊልም መርምረው፣ ማዕበሉ በየቦታው የደረሰበትን ቅጽበት ለቅመው፣ ፍንዳታው ከ500 ቶን ቲ.ኤን.ቲ. ጋር የሚመጣጠን እንደሆነ ገመቱ፤ ቢበዛ ደግሞ ከ1,100 ቶን ጥቂት ይበልጣል አሉ። ለዚህ ያገለገላቸው ሆፕኪንሰን የተባለው እንግሊዛዊ በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1915 የደረሰበት ሕግ ነው፤ ፈንጂው 8 እጥፍ ቢበዛ፣ ያው ግፊት የሚሰማበት ርቀት የሚያድገው እጥፍ ብቻ ነው።

ግፊቱ ግድግዳ ላይ ሲያርፍ ምን ይሆናል? ደካማው ማዕበል እንኳ ፊት ለፊት ሲጋጭና ሲመለስ እጥፍ ይሆናል። አሥር ኪሎ ፓስካል ማለት በያንዳንዱ ካሬ ሜትር ላይ አንድ ቶን ያህል ሸክም በጎን መጣል ነው። ግድግዳ ከላይ የሚመጣ ሸክም ለመቻል እንጂ በጎን ለመገፋት አልተሠራም። ከግፊቱ በኋላ ደግሞ አየሩ ወደ ኋላ ይስባል፤ አንዳንዱ ግድግዳ ወደ ውጭ ወድቆ የሚገኘውም ስለዚህ ነው።

ለዚህ ሥራ ከሚያገለግሉት የኮምፒዩተር ፕሮግራሞች መካከል ስመ ጥር የሆነው ዳይና ነው። ጆን ሆልክዊስት በካሊፎርኒያ፣ በሎውረንስ ሊቨርሞር ላቦራቶሪ፣ በ1976 ሲያወጣው ከዝቅተኛ ከፍታ የተጣለ የኑክሌር ቦምብ መሬት ሲመታ የሚሆነውን ለማስላት ነበር። ኋላ ግን የመኪና ፋብሪካዎች ተሳፋሪን ከግጭት ለማዳን ተጠቀሙበት፤ ለጥፋት የተጀመረ ሒሳብ እንዲህ ሲገለበጥ ማየት ደስ ያሰኛል።

አሠራሩ ትዕግሥት የሚፈታተን ነው። ግድግዳው በአንድ ሴንቲ ሜትር ኩብ ተከፋፍሎ ተሠራ እንበል። ድምፅ በጡብ ውስጥ ያችን አንድ ሴንቲ ሜትር ለማለፍ የሚፈጅበት የሰከንድ ሦስት ሚሊዮንኛ ያህል ነው። ኮምፒዩተሩ ከዚህ በበለጠ እርምጃ ከተራመደ ሒሳቡ ይበላሻል። እንግዲህ የሰከንድ አንድ አሥረኛ የሚፈጀውን ነገር ለማሳየት የያንዳንዱን ኩብ ሁኔታ ከ30,000 ጊዜ በላይ ማስላት አለበት።

ዋናው ችግር ግን ጡቡ አይደለም፤ ግንበኞች ማልታ የሚሉት የሲሚንቶና የአሸዋ ቡኮ ነው። ግድግዳ የሚሰነጠቀው በአብዛኛው በማልታው መስመር ነው። ጡብ ከፋብሪካ ተመሳስሎ ይወጣል፤ ማልታ ግን በአካፋ ይቦካል፤ ጧት የበረታው ከሰዓት በኋላ ውኃ ይበዛበታል። ስለዚህ ጠንቃቃው መሐንዲስ ለየመጋጠሚያው ልዩ ልዩ ጥንካሬ እየሰጠ፣ ያንኑ ግድግዳ ደጋግሞ ያፈርሳል እንጂ አንዲት ሥዕል ይዞ አይመካም። እውነተኛ ግድግዳ ፈርሶ ካልተመሳከረለትም ሥዕሉን ባናምነው ይሻላል።

ሒሳቡ ካስተማረው ሁሉ እኔን የገረመኝ የላይኛው ረድፍ ነገር ነው። ግድግዳው ከወለሉና ከሶሌታው ጋር ጥብቅ ብሎ የተገጠመ እንደሆነ፣ ተገፍቶ መካከሉ ላይ ሲሰነጠቅ ሁለቱ ግማሾች እንደ ቅስት ተደጋግፈው ይቆማሉ፤ ጉልበቱም በብዙ እጥፍ ይጨምራል። ግንበኛው ደክሞት ከሶሌታው ሥር ጣት የምታስገባ ክፍተት የተወ እንደሆነ ግን፣ የሚደገፉበት የለምና ሁለቱም ይወድቃሉ። እርስዎ ቤት ሲያሠሩ መጨረሻ የሚታየው ይህ ረድፍ መሆኑን ያውቃሉ፤ ለዚያውም በልስን ይሸፈናል።

ቆሞ ላለ አሮጌ ግድግዳም ዘዴ አልጠፋም። የአሜሪካ አየር ኃይል ተመራማሪዎች በብሎኬት ግድግዳ የውስጥ ገጽ ላይ ፖሊዩሪያ የተባለ፣ እንደ ጎማ የሚለጠጥ ቀለም ረጭተው በፈንጂ ሞከሩት። ብሎኬቱ ይሰባበራል፤ ጎማው ግን ስብርባሪውን እንደ ከረጢት አቅፎ ይይዘዋል። ይህም የሚሠራው ጎማው ከግድግዳው አልፎ ወለሉንና ሶሌታውን ከያዘ ነው። ጫፉ ሳይታሰር የቀረ እንደሆነ፣ ግድግዳው ከነጎማው አንድ ላይ ሆኖ ወደ ክፍሉ ይገባል።