ሆዳችንም ሰዓት ይቆጥራል

ፒያሳ ካፌ በራፍ ላይ ጥቂት ለቆመ ሰው «ወይኔ ጨጓራዬን!» የሚል ስሞታ መስማት ብርቅ አይደለም። ክሱ ዘወትር የሚቀርበው በበርበሬው፣ በሽሮውና በቡናው ላይ ነው። ሰዓቱን የሚከስ ግን የለም። ውድ አንባብያን፣ እኛ ደግሞ «ምን በላህ?» ከሚለው ጎን «መቼ በላህ?» የሚለውም መጠየቅ አለበት እንላለን።

በአንጎላችን ሥር፣ የሁለቱ ዓይኖች ነርቮች ከሚተላለፉበት ቦታ በላይ፣ ወደ 20,000 የሚጠጉ ሕዋሳት ያሉበት ትንሽ ክፍል አለ። የሰውነት ዋና ሰዓት እሱ ነው። ዙሩ ከ24 ሰዓት ጥቂት ስለሚረዝም በየማለዳው ብርሃን ያስተካክለዋል። እንዲህ ያለው ሰዓት በሕዋስ ውስጥ እንዴት እንደሚሠራ በፍራፍሬ ዝንብ ላይ መርምረው ያሳዩ ሦስት አሜሪካውያን በመስከረም 2010 ዓ.ም. የኖቤል ሽልማት ተሰጥቷቸዋል። (ዝንብ ለዚህ ማዕረግ ትበቃለች ብሎ ማን አሰበ!) ጉበት፣ ቆሽትና አንጀትም የየራሳቸው ሰዓት አላቸው፤ እነዚህን ይበልጥ የሚሞላቸው ግን ብርሃን ሳይሆን የምንበላበት ጊዜ ነው።

አሁን ወደ ሆድ እንመለስ። ሌሊት ትልቁ አንጀት ያርፋል፤ ስንነቃ ይነቃል። ቁርስና ቡና ሲጨመሩበት ደግሞ ይበልጥ ይንቀሳቀሳል። በየጠዋቱ መጸዳጃ ቤት በር ላይ የምናየው ሰልፍ አንዱ ምክንያት ይኸው ነው! ማታ ነገሩ ይገለበጣል። ጨጓራ ምግቡን ከጠዋቱ ቀስ ብሎ ያወርዳል፣ ኢንሱሊንም እንደ ጠዋቱ አይሠራም። የጨጓራ አሲድ ግን ከምሽቱ 4 ሰዓት እስከ ሌሊቱ 8 ሰዓት ባለው ጊዜ ከፍ ይላል። አሲዱን የሚያበርደው ምራቅ ደግሞ ስንተኛ ይቀንሳል። እንግዲህ ፈተና ደርሶ እስከ 5 ሰዓት ያጠና ሰው ሽሮውን ጠርጎ ወዲያው ጋደም ሲል ቃር ቢይዘው ምን ይገርማል? እራት ከመኝታ 3 ሰዓት ያህል ቢቀድም ይመረጣል። ሕመሙ ከሰነበተ ግን መንስኤው ባክቴሪያ ሊሆን ስለሚችል ክሊኒክ መሄድ እንጂ ሰዓት መቁጠር አያድንም።

ጾም ላይም ይህ ይታያል። ግሬሊን የተባለው ረኃብ ቀስቃሽ ሆርሞን ከለመድነው የምግብ ሰዓት ቀደም ብሎ ይጨምራል። በሁዳዴ አራዳ ጊዮርጊስ ቅዳሴ የሚጠብቅ ጿሚ 6 ሰዓት ሲል ሆዱ ቢጮህ ምሳ የለመደው ሰዓት ደርሶ ነው፤ ትንሽ ቢታገሠው ጋብ ይላል። በረመዳን ደግሞ እዚያው ፒያሳ ኑር መስጊድ የሚሰግደው ወገናችን የሚበላው ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ ነውና አንጀቱ ሰዓቱን እንደገና መሙላት አለበት።

ለእኛ ለእጩ መምህራን ትልቁ ጉዳይ ክፍል ውስጥ ያለው ነው። ከቀትር በኋላ፣ 8 ሰዓት ገደማ፣ ምሳ ያልበላ ሰው እንኳ ያንቀላፋል፤ ሰውነቱ ራሱ ዝቅ የሚልበት ሰዓት ነው። ምሳ ሲከብድ ይብሳል እንጂ ምሳ ብቻውን አያመጣውም። ስለዚህ ያንን ልጅ «ሰነፍ!» ማለት ግፍ ነው። ጠዋት 3 ሰዓት ላይ ፈዝዞ የተቀመጠው ግን ሌላ ነው፤ ቁርስ አልቀመሰ ይሆናል። በአዲስ አበባ የመንግሥት ትምህርት ቤቶች ከ2012 ዓ.ም. ጀምሮ ቁርስና ምሳ መቅረቡ የጠዋቱን ችግር አቃሎታል፤ ለልምምድ ክፍለ ሀገር የምንመደበው ግን ይህን በየቦታው አናገኘውም። ፕሮግራም ማውጣት ከተፈቀደልን ሂሳቡን ለጠዋት፣ ልጆቹ ቆመው የሚሠሩትን ለ8 ሰዓት እናድርገው።