«የአየር ሞላ» ወይስ «የአየር ድጋፍ»?

ከደሴ ሰኞ ገበያ ተነሥቶ በቅጥቅጥ ወደ ኮምቦልቻ የወረደ ሰው የዚህን ጽሑፍ ጉዳይ በወገቡ ያውቀዋል። «ቅጥቅጥ» የሚባለው በጭነት መኪና ሻንሲ ላይ አካሉ አገር ውስጥ ከቆርቆሮ የተሠራለት አውቶቡስ ነው። ስሙ ከአሠራሩ የወጣ ነው፤ ተሳፋሪው ግን የሚቀጠቀጠው እርሱ ስለ ሆነ ይመስለዋል፤ ይህም ፍች በመዝገበ ቃላት ቢገባ አይከፋም።

ምክንያቱ ግልጽ ነው። ባሌስትራው የታሰበው ለከባድ ጭነት ስለ ሆነ ጥቂት ሰው ሲሳፈር አይተጣጠፍም፤ የመንገዱ ጉብታ ሁሉ ወደ ወንበር ያልፋል። ከመድኀኒቱ አንዱ ባሌስትራውን አየር በሚሞላ የጎማ ከረጢት መተካት ነው። የከረጢቱ ግፊት ከጭነቱ ጋር አብሮ ስለሚወጣና ስለሚወርድ፣ መኪናው ባዶም ሆነ ሙሉ ልስላሴው ብዙ አይለዋወጥም።

ችግሩ የሚጀምረው መመሪያው ሲተረጐም ነው። ለጠቅላላው ሥርዓት «ማንጠልጠያ» ያሉ አሉ። በአውሮፓ የጥንት ሠረገላ አካል በቆዳ ጠፍር ይንጠለጠል ስለ ነበር ቃሉ ለእነርሱ ትርጉም አለው፤ ለእኛ የልብስ መስቀያ ነው። ሌሎች «ድጋፍ» ብለዋል። ይህኛው አደገኛ ነው። «ያለ ድጋፍ ከተሽከርካሪው ሥር አይግቡ» የሚል አንድ ረቂቅ ኮምቦልቻ ውስጥ ለአንድ መካኒክ ባነብለት፣ «ድጋፉማ አለ ዶክተር፤ አየሩን ሞልቼዋለሁ» አለኝ። ረቂቁ ከረጢቱን «የአየር ድጋፍ» ብሎት ስለ ነበር ጥፋቱ የመካኒኩ አልነበረም። ከረጢት ቢፈነዳ አካሉ በቅጽበት ይወርዳል። ስለዚህ «ድጋፍ» ለብረቱ መደገፊያ ብቻ ይቀመጥ፤ ሥርዓቱን «መሸከሚያ» ብንለው ይሻላል።

ለከረጢቱ «የአየር ሞላ» እመርጣለሁ። «ሞላ» እንደ «ባሌስትራ» ከጣሊያንኛ የመጣና በየጋራዡ የተለመደ ነው። ነገር ግን በጽሕፈት «መሙላት» ከሚለው ግሥ ጋር አንድ ስለ ሆነ፣ በዕቃ ዝርዝር ላይ «አየር ሞላ» ተብሎ ቢጻፍ ስምነቱ ይጠፋል። «የ» እንዳትቀር ያስፈልጋል።

«የአየር ሾክ አብዞርበር» የሚለው ደግሞ ሁለት ሥራ ያደባልቃል። ሞላ ክብደት ይሸከማል፤ ሾክ አብዞርበር ክብደት ሳይሸከም ንረቱን ያረግባል። ጣሊያንኛው ስያሜ ማደንዘዝን ያመለክታል፤ «አርጋቢ» ብንለው ከዚያ አንርቅም። አርጋቢው የደከመበትን መኪና በአየር ለማስተካከል መሞከር ከንቱ ነው።

«አየር ጨምር» የሚለው ትእዛዝም እንዲሁ ተርጓሚን ያስታል። በከረጢቱ ውስጥ አየር ከተጨመረ አካሉ ከፍ ይላል፤ ወደ ላይ የሚላወስበትም ቦታ ይጠብበታል። ከከረጢቱ ጋር የተገናኘ ተጨማሪ የአየር ታንክ ከተገጠመ ግን ከፍታው ሳይለወጥ ሞላው ይለሰልሳል። ሁለቱን በአንድ ግሥ የሚተረጕም ሰው ባለመኪናውን ከሚፈልገው በተቃራኒ ይልከዋል።

«የግልቢያ ጥራት» የሚል ሐረግም አይቻለሁ፤ ፈረስ እንጂ አውቶቡስ አይጋለብም። «የጉዞ ምቾት» ይበቃል። ለጕድለቶቹ ግን የተሳፋሪው ግሦች ከእኛ ፈጠራ ይልቃሉ። «ያንገጫግጫል» ሲባል ሞላው ደርቋል። «ይነጥራል» ሲባል፣ ከአንድ ጉብታ በኋላ ደጋግሞ ከሆነ፣ አርጋቢው ደክሟል። «ያወዛውዛል» የሚባለው፣ በተለይ በሐረጎ ጠመዝማዛ፣ ሞላው ከልክ በላይ ሲለሰልስ ነው።